ወጣ ብላለች

ባለቤቴን በስሟ የሚጠራት ሰው ብፈልግ ከእናቷ በቀር አላገኝም። ሰፈሩ በሙሉ «ደወል» ነው የሚላት። የሚያከብሯት «እትዬ ደወል» ይሏታል፤ ቀልደኞቹ ደግሞ እኔን «የደወል ባል» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ሳሎን ተንበርክኬ ሴራሚክ ያነጠፍኩ ባለሙያ፣ በስተርጅና በሚስቴ ቅጽል ስም ልጠራ? አሁን ግን «የደወል ባል» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «አቤት» እላለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ነው የማወራችሁ።

ስሙ የወጣላት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሰፈራችን ከከተማው በጣም ይርቃል። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ተደርድረውበታል፤ መኝታ ሞልቶ ሥራ የጠፋበት ሰፈር ነው። ሥራው ያለው ከተማ ነው። ወደዚያ የሚወስደው የመጀመሪያው አውቶቡስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። የሚነሳው ከእኛ በላይ ካሉት ሰፈሮች ስለሆነ እኛ ጋ ሲደርስ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ የተቀመጠውም ሁሉ ተኝቷል። የእኛ ሰፈር ሰው በመንገድ ላይ የሚለቀቀውን ወንበር ተሻምቶ እሱም ይተኛል። ባለቤቴ ግን መሻማት ስለማትወድ ከኋለኛው በር አጠገብ ያለውን ብረት ይዛ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረውን መንገድ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆማ ሄዳለች።

የቆመ ሰው ዓይኑ ሥራ ይፈልጋል። የሷ ዓይን ደግሞ ድሮም ሥራ ፈት አይደለም። ማን የት እንደሚወርድ ማንንም ሳትጠይቅ አጠናችው። ዳቦ ጋጋሪው ሁለተኛው ድልድይ ላይ፣ ሁለቱ እህትማማች ጽዳት ሠራተኞች ፍርድ ቤቱ ጋ፣ መነጽር የሚያደርገው ልብስ ሰፊ ገበያው መግቢያ ላይ። አንዱ መውረጃው ሲቃረብ ወደ ወንበሩ ትጠጋና በጣቷ ቀለበት የወንበሩን ብረት ሁለት ጊዜ ቋ ቋ ታደርገዋለች። አትጣራም፣ አትነካም። ሰውዬው ብድግ ይላል፤ ሌላው እንቅልፉን ይቀጥላል። ቀለበቱን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ወርቅ ነው ብዬ ነበር የሰጠኋት፤ ብረት ሲመታ በሚያሰማው ድምፅ ግን ምን እንደሆነ አውቶቡሱ ሁሉ አውቆብኛል።

የምትሠራው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ተኳሽ ሆና ነው። አንሶላው፣ የሐኪሙ ጋውን፣ የቀዶ ሕክምናው ጨርቅ ታጥቦ ሲመጣ እሷና ጓደኞቿ ተኩሰውና አጥፈው በየክፍሉ ይልኩታል። አንድ ሰዓት ላይ ያልገባ ሰው የአርፋጆች መዝገብ ላይ ይሰፍራል፦ ስም፣ ያረፈደበት ደቂቃ፣ ምክንያት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሷ ስም አንድም ቀን እዚያ አልተጻፈም። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው።

እኔ ደግሞ ጉልበቴ ካለቀ ስድስት ዓመቴ ነው። ሴራሚክ አንጣፊ በእጁ የሚሠራ ይመስላችኋል፤ የሚሠራው በጉልበቱ ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶዬን ብርሃን ላይ ይዞ ተመለከተና ከዛሬ ጀምሮ መንበርከክ ለጸሎት ብቻ ነው አለኝ፤ ጸሎቱንም አጠር እንዳደርገው መከረኝ። ስለዚህ ቤት ተቀምጬ የተበላሸ ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃ እጠግናለሁ። እኔ የማገኘው ለአስቤዛ ይደጉማል። የቤቱን ወርሃዊ ክፍያ፣ መብራትና ውሃውን፣ የመጨረሻ ዓመቷን የያዘችውን ልጃችንን የነርሲንግ ኮሌጅ የሚከፍለው የእናቷ ደሞዝ ነው። ይህን ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ግን አልነበረም። ሰው ሲጠይቀኝ «እሷም ታግዘኛለች» ነበር መልሴ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰፈራችን ፎርም የያዘች ሴት ገባች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከባድ ቦርሳ አንግታለች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። በየቤቱ እያንኳኳች ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ቤቱ በምን ገቢ እንደሚተዳደር ትጠይቃለች። እሷ ሁለተኛ ፎቅ ሳትደርስ ወሬው አራተኛ ፎቅ ደርሷል። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስጠነቀቀን። ጥናቱ ለግብር ነው፤ ገቢ አለኝ ያለ ይጨመርበታል፣ የለኝም ያለ የቤት ክፍያው ይቀነስለታል። ከየት እንደሰማ የጠየቀው የለም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ እኛ ማስረጃ አንጠይቅም።

ያን ቀን ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ደኸየ። ሦስት ልጆቿ ዳቦ ቤት የሚሠሩላት የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን በእግዜር ቸርነት ነው የምንኖረው አለች። ሊቀመንበሩ ከጡረታዬ በቀር ቤሳ ቤስቲን የለኝም አለ። ባለፎርሟ የእኔን በር ስታንኳኳ የከፈትኩላት ካቻቪቴ በእጄ ይዤ ነው፤ ከኋላዬ ጠረጴዛው ላይ ሰባት ካውያ ተደርድሯል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሥራ የለኝም አልኳት። ካውያዎቹን አየት አደረገችና ያልኳትን ጻፈች። ባለቤቴም ሥራ የላትም አልኩ። አሁን የት እንዳለች ስትጠይቀኝ፣ «ወጣ ብላለች» አልኳት።

ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የምትወጣ፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምትመለስ ሴት፣ ወጣ ብላለች። እውነቱን ልናገርና የዋሸሁት ለግብሩ ብቻ አልነበረም። ባልየው ቤት፣ ሚስትየዋ ሥራ ተብሎ በቀለም ሲጻፍ ማየት አልፈለግኩም። ማታ ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም። ከጎረቤቶቼ ጋር ግን ባለፎርሟን እንዴት እንደሸወድናት እያወራን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አራት ወር አለፈና ረሳነው። በዚያ ሰሞን ባለቤቴ አንድ ማታ ፊቷ በርቶ ገባች። የተኳሾቹ ክፍል ኃላፊ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ቦታው ለሷ እንዲሆን ተወስኗል። ደሞዙ ይጨምራል፤ የልጃችን የመጨረሻው መንፈቅ ክፍያ ከዚህ በኋላ አያስጨንቀንም። እሷ ግን ከደሞዙ ይልቅ ስለ ቁልፉ ነበር የምታወራው። ክፍሉን በየማለዳው የሚከፍተው ኃላፊው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሌላ ሰው በከፈተው በር ገብቻለሁ፣ አሁን እኔ ልከፍት ነው እያለች በሌለ ቁልፍ አየር ላይ ታዞር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ስወጣ ፌርማታው ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። በተደረገው ጥናት መሠረት በዚህ ሰፈር ለሥራ ወደ ከተማ የሚመላለስ ነዋሪ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከሚመጣው ወር መጀመሪያ አንስቶ የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ሰፈሩ ሳይገባ በዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ የሰፈሩ የመጀመሪያ አውቶቡስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል። ተሳስቼ እንደሆን ብዬ ደግሜ አነበብኩት፤ አልተሳሳትኩም። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ አውቶቡስ ማለት ለባለቤቴ ሥራ የለም ማለት ነው። ዋናው መንገድ ድረስ በጨለማ ሃምሳ ደቂቃ በእግሯ ብትሄድም አውቶቡሱ እዚያ አይቆምም፤ የጭነት መኪና እየለመኑ ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ መግባት አይታሰብም። ታክሲዎቹ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ድርሽ አይሉም። ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል እንከራይላት ቢባል ኪራዩ ደሞዟን ይውጠዋል። ቀኑን ሙሉ አንድ ካውያ ፈትቼ መግጠም አቃተኝ።

ማታ ስትገባ ማስታወቂያውን አይታዋለች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሠራተኛ የለም ያላቸው ማነው?» አለች። «በየቀኑ እግሬ የሚረገጠው በማን ነው ታዲያ?»

ዝም ብል ዝምታዬ እንደሚያሳብቅብኝ አውቃለሁ፤ አብረን ሃያ ሦስት ዓመት ኖረናል። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሊቀመንበሩን፣ ግብሩን፣ ካቻቪቴውን፣ የደረጃውን ሳቅ። ስለ እሷ የመለስኩትን መልስ መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወጣ ብዬ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጃችን ከክፍሏ ብቅ ብላ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን አየችና ተመልሳ ገባች። ያን ማታ እራት የበላ የለም።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሳር ቅጠሉ ተቆጣ። ሰልፍ እንውጣ የሚል ነበር፣ ደብዳቤ እንጻፍ የሚል ነበር፤ የጥናቱ መልስ ከየት እንደመጣ ለማስታወስ የፈለገ ግን አልነበረም። ባለቤቴ ማንንም አልጠበቀችም። በእረፍት ቀኗ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ በምትተኛበት ቀን፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደች። ባለፎርሟን ጠይቃ አገኘቻት። እንደነገረችኝ ከሆነ ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ሰፈራችሁን ቤት ለቤት ዞሬያለሁ፣ አንድ በር አልዘለልኩም ብላ የእኛን ፎርም ሳይቀር አውጥታ አሳየቻት። ባል፦ ሥራ የሌለው። ሚስት፦ የቤት እመቤት። የገቢ ምንጭ፦ የለም። ባለቤቴ የራሷን ሕይወት በሰው እጅ ጽሑፍ አነበበችው።

አውቶቡሱ ከላይ ሞልቶ ስለሚመጣ በትኬትም ቢሆን እኛን ለይቶ የሚያሳይ ነገር የለም። ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ መጥተሽ በዓይንሽ ቁጠሪን። ሴትዮዋ ሳቀች፤ የመረረ ሳቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከሁለት ሰዓት በፊት አይወጣም። ባለፈውም ሰፈራችን የመጣችው በዚያው በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ የመልስ ጉዞ ነበር። ይኸው አውቶቡስ ሠራተኛውን ሁሉ ከተማ አራግፎ፣ ባዶውን ሲመለስ እሷን ይዟት መጣ ማለት ነው። ሠራተኛ ስትፈልግ የመጣችው ሠራተኛው በሄደበት ወንበር ተቀምጣ ነው።

ባለቤቴ ታዲያ እኛ ቤት ትደሪያለሽ አለቻት። ውሳኔው የሚጸድቀው አርብ በሚደረግ ስብሰባ ነው። ሴትዮዋ አሰበችና ረቡዕ ማታ እንደምትመጣ ተናገረች።

የቀረው የእኔ ድርሻ ነበር። ባለቤቴ አላዘዘችኝም፤ እንዲያውም ጉልበትህን አስብ ብላኝ ነበር። ግን ሰፈሩ ባለፎርሟን ሲያይ ከተደበቀ ነገሩ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ሰኞና ማክሰኞ ማታ ስድስት ሕንፃ፣ እያንዳንዱን አራት ፎቅ፣ የደረጃውን ብረት እየያዝኩ ወጣሁ። ወደ ላይ መውጣቱስ ደህና፤ መውረዱ ነው የሚገድለው። በየበሩ የምናገረው አንድ ነው፦ ዋሽቻለሁ፣ እናንተም ዋሽታችኋል፣ ረቡዕ ለሐሙስ ንጋት ፌርማታው ላይ እውነቱን እንናገር። ያፈረ ነበር፣ በሩን የዘጋብኝም ነበር። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ላብ ሲያሰምጠኝ አይታ ውሃ አመጣችልኝና ልጆቿን እንደምትልክ ቃል ሰጠችኝ። ሊቀመንበሩ ግን በሩን በከፊል ከፍቶ ግብሩን አስታወሰኝ።

«ግብሩ ይምጣ» አልኩት። «አውቶቡሱ እንዳይሄድ።»

ፎርሙ ላይ የተጻፈ ነገር ተመልሶ እንደማይፋቅ፣ እሱ ደግሞ ጡረተኛ እንጂ ተመላላሽ እንዳልሆነ ነግሮኝ በሩን ዘጋው።

ረቡዕ ማታ ባለፎርሟ ከባለቤቴ ጋር መጣች። ሁለቱም ቆመው ነው የመጡት። ጫማዋን አውልቃ ቁርጭምጭሚቷን እያሸች ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ጠረጴዛውን አየች፣ ዘጠኝ ካውያ ነበረበት። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ከምን ልጀምር እያልኩ ሳስብ እሷ ቀደመችኝ።

«ሥራ ጨምረዋል» አለች።

ልጄ ሳቋ አመለጣት። ያ ሳቅ ልብ ሰጠኝ። እባክዎን ያንን ፎርም እንደገና እንሙላው አልኳት። ከቦርሳዋ አዲስ አወጣች። ባል የሚለው ላይ ካውያና ምድጃ ጠጋኝ አስባልኩ። ሚስት የሚለው ላይ የሆስፒታል ልብስ ተኳሽ፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ። ባለቤቴ ወጥ እያማሰለች ጀርባዋን ሰጥታን ነበር፤ እጇ ቀጥ ሲል አየሁ። ከዚያ ባለፎርሟ የመጨረሻውን መስመር ጠየቀች፦ ቤተሰቡን በዋናነት የሚያስተዳድረው ማነው?

«እሷ ናት» አልኩ። «ስድስት ዓመት ሆናት። እኔ ነኝ የማግዛት።»

ባለቤቴ አልዞረችም። እራት ስታቀርብ ግን ትልቁን ሥጋ ለእንግዳዋ ሳይሆን ለእኔ አወጣችልኝ፤ እንግዳዋም አይታ እንዳላየ አለፈች።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችንም ወጣን። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያ ሰዓት ደጅ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ፌርማታው ጨለማ ውስጥ ነው ያለው፤ በየስልኩ መብራት ጫማና የምሳ ዕቃ ብቻ ነው የሚታየው። ሰው መጥቷል፤ ከጠበቅኩት በላይ መጥቷል። ባለፎርሟ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን ስታወጣ ግን ከፊት የነበሩት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሁሉም የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። አንዱን ሥራው ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ዘመድ ልጠይቅ እየሄድኩ ነው አላት፤ የሲሚንቶ አቧራ የጠገበ ቱታ ለብሶ። አርብ የሚሰበሰቡት ሰዎች ዘመድ ለሚጠይቅ አውቶቡስ አይሰጡም።

ያኔ ባለቤቴ ወደ ምሰሶው ሄደችና በቀለበቷ ብረቱን ሁለት ጊዜ ቋ ቋ አደረገችው። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ዘጠኝ ዓመት ለዚያ ድምፅ ብድግ ሲል የኖረ ሰው ነው፣ ሌላ ምን ያድርግ።

ከዚያ ባለፎርሟን ክንዷን ይዛ ሰልፉን ከጫፍ ጀመረች። ስም አልጠራችም፤ መውረጃና ሥራ ብቻ። ይሄ ሁለተኛው ድልድይ የሚወርደው ዳቦ ጋጋሪ። እነዚህ እህትማማቾች ፍርድ ቤቱን የሚያጸዱት። ይሄ ልብስ ሰፊ፣ ገበያው መግቢያ። ይሄ ዘመድ ጠያቂ ግንበኛ ነው፤ የሚጠይቀው ዘመድ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ነው። ሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ሲያልፍ ፍርሃቱም አብሮ አልፏል። ከመሃል ጀምሮ ሰዎቹ ራሳቸው እየቀደሟት መናገር ጀመሩ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ በእጁ የምሳ ዕቃ፣ ከካፖርቱ ሥር የጥበቃ ዩኒፎርም። ባለቤቴ ትከሻው አጠገብ ደረሰች።

«አደባባዩ ላይ የሚወርዱት፣ የባንኩ ጥበቃ» አለች በአክብሮት።

ሊቀመንበሩ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ቆማ ስታነቃው ኖራ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። ባለፎርሟ ጻፈች። እሱም ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ከሱ ይህ ብዙ ነው።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው። አውቶቡሱ ሞልቶ መጣና ሠላሳ ሰው እንደምንም ጠቅጥቆ ሄደ። የቀሩት እንደ ወትሮው ሳያጉረመርሙ የስልካቸውን መብራት እያበሩ ወደ ዋናው መንገድ የሃምሳ ደቂቃውን የእግር ጉዞ ተያያዙት፤ እዚያ የሚያሳፍራቸው የጭነት መኪና ይለምናሉ። ባለፎርሟ በአውቶቡሱ መስኮት ያንን የመብራት ሰልፍ ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ ተከተለችው አለችኝ ባለቤቴ። ፎርሞቿን ሰው እንዳያጨማድዳቸው ከራሷ በላይ ይዛ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ጨብጣ፣ ቀለበቱ በየመውረጃው ሲያንኳኳ እየሰማች ከተማ ገባች።

አርብ ስብሰባው ተደረገ። እኛ ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍን አትጠይቁኝ። ሰኞ ረፋድ ላይ መስኮት አጠገብ ምድጃ እየፈታሁ አንድ ሠራተኛ ፌርማታው ምሰሶ ላይ አዲስ ወረቀት ሲለጥፍ አየሁ። ጉልበቴን ረስቼ ደረጃውን ወረድኩ። የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ባለበት ይቀጥላል፤ ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ አውቶቡሶች ከዚሁ ፌርማታ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ በፊት፣ ባዷቸውን ይነሳሉ። ባዷቸውን የሚለውን ቃል በጣቴ ዳሰስኩት። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን በረንዳ ላይ ቆማ ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ለቅሶ መጣብኝ፤ ሴትዮዋ ደንግጣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ እየሮጠች ወረደች። አንብባ ስትጨርስ እልልታዋን አቀለጠችው።

ግብሩም አልጨመረም። ለነገሩ ወሬውን ያመጣው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የወሩ የመጀመሪያ ቀን ልሸኛት ፌርማታው ድረስ ሄድኩ። የክፍሉ ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ በየአሥር እርምጃው እየዳሰሰችው ነው የሄደችው። አዲሱ አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ውስጡ መብራት እንጂ ሰው የለም። ሁሉም ተሰልፎ ገባና ተቀመጠ። ባለቤቴ ግን ገብታ በቀጥታ ወደ ኋለኛው በር ሄደችና ብረቱን ያዘች። ባዶ ወንበር እያለ ቆመች። ሊቀመንበሩ ተነስቶ በመምህርነት ድምፁ፣ እትዬ ደወል፣ ይቀመጡ እንጂ አላት። ዙሪያውን አየች፤ ከዚያ መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር በእጇ ጠረግ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በመስታወቱ አየችኝ። እጄን አወዛወዝኩላት፤ እሷም ቀለበቷን መስታወቱ ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳችልኝ። እንደ አዲስ ሙሽራ ልቤ ዘለለ፣ ምን ልዋሽ።

የቀረውን ማታ ነው የሰማሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባች፤ በሩ ላይ ሆና ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል። እኔና ልጄ ምን ሆንሽ እያልን ከበብናት።

አውቶቡሱ ገና ከሰፈር ሳይወጣ ሁሉም ተኝቷል። ለምን አይተኛ፤ ደወል አለች። ደወል ግን በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጣለች፤ መስታወቱ ላይ ራሷን ደገፍ ከማድረጓ ጭልጥ አለች። ሁለተኛው ድልድይ አለፈ፣ ዳቦ ጋጋሪው ተኝቷል። አደባባዩ አለፈ፣ ሊቀመንበሩ ያንኮራፋል። ፍርድ ቤቱም፣ ገበያውም፣ ሆስፒታሉም አለፈ። ሹፌሩ አዲስ ሰው ነው፤ ሁሉም የመጨረሻው ጣቢያ ወራጅ መስሎታል። ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሠራተኛ ከነምሳ ዕቃው እንደ ሕፃን ተኝቷል። የቀሰቀሳቸው ዝምታው ነው። ዓይናቸውን እያሹ አንድ ላይ ዞረው ወደ ባለቤቴ ተመለከቱ። ማንም አልተቆጣት። ሊቀመንበሩ ሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሹፌሩ ራሱ መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪስቅ ድረስ አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ያው ሹፌር አዙሮ እያንዳንዱን መውረጃው አደረሰ፤ እሷ እስክትወርድ ድረስ ብረቱን ይዛ ቀለበቷን ስታንኳኳ አንድም የተኛ ሰው አልነበረም።

ተኳሾቹ በተዘጋው በር ፊት ቆመው ጠበቋት። ዘጠኝ ዓመት አርፍዳ የማታውቅ ሴት፣ በኃላፊነቷ የመጀመሪያ ቀን፣ ቁልፉን ይዛ አርባ ደቂቃ ጠፋች። ምንም አላስተባበለችም። በሩን ከፈተች፣ ማሽኖቹን አስነሳች፣ ከዚያ የአርፋጆቹን መዝገብ ከመሳቢያው አወጣች። ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡን የምትይዘው እሷ ናት። በመጀመሪያው መስመር ላይ የራሷን ስም፣ ሙሉ ስሟን፣ በጥንቃቄ ጻፈች። ከጎኑ አርባ ደቂቃ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ትንሽ አሰበችና እንዲህ ብላ ሞላችው፦

«ወንበር አገኘሁ።»